ማስነሣት ቀላል፥ ማቆም ከባድ

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ፥ በኅዳር ወር በመንገዱ ግራና ቀኝ አብዝቶ የሚያየው ቡና ነው። እሸቱ በቅርጫት፥ እሸቱ በጆንያ፥ እሸቱ በፈረስና በሞተር ብስክሌት ተጭኖ ይሄዳል። ታጥቦ የሚሸጥ ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ስላለበት፥ ገበሬው ቀን ሲለቅም ይውልና ማታ ወደ መፈልፈያው ይጣደፋል። እሸቱ በጆንያ ካደረ እርስ በርሱ ይሞቃል፤ ከሞቀም ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በቡና ወራት በከፋ ምድር ከመሸ በኋላ የሚሰማው የመፈልፈያ ሞተር ድምፅ ነው። እኛም ዛሬ የምናወራው ይህ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ሳይሆን እንዴት እንደሚቆም ነው።

አንባቢያችን ስለ ቡና ልንጽፍ የተነሣን መስሎት እንደ ሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ጽሑፋችን ስለ ኮምፒውተር ነው። በተለይም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጐን ለጐን በአንድ ጊዜ የሚካሄዱትን ሥራዎች፥ ገንዘብ ሳይጠፋ፥ መዝገብ ሳይበላሽና ሰው ሳይበደል ስለ ማቆም ነው። ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ከመቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት፤ የደመወዝ፥ የግብርና የይዞታ ነገር በወረቀት ብቻ የሚጻፍበት ዘመንም በማለፍ ላይ ነው። ማታ ወደ ቤቱ ለመሄድ የተቻኮለ ወጣት ሹም የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ተጭኖ ሲይዝ፥ በዚያች ሳጥን ውስጥ ስንት ሥራ ከወገቡ እንደሚቈረጥ ቢያውቅ ጣቱን ጥቂት ባዘገየ ነበር።

በመጀመሪያ ግን የራሳችንን ኀጢአት እንናዘዝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በሁለተኛው ዓመት በከፋ ዞን ወደሚገኝ፥ ስሙን ወደማንጠራው አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተላክን። ሥራችን ከሚዛኑ አጠገብ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጠን፥ ገበሬው ያመጣው እሸት በተመዘነ ጊዜ ወዲያው እንዲመዘገብ ማድረግ ነበር። የጻፍነው ፕሮግራም በውስጡ ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። አንደኛው የሚዛኑን ቁጥር ያነባል። ሁለተኛው ደረሰኝ ያትምና በመዝገብ ያሰፍራል። ሦስተኛው የተመዘገበውን በስልክ መስመር ወደ ማኅበሩ ዋና ጽሕፈት ቤት ይልካል። እነዚህን ሠራተኞች በሙያው ቋንቋ ትሬድ ይሏቸዋል፤ ክር ማለት ነው። ሦስቱን በአንድ ክር ሰፍተን ለምን አንድ በአንድ አላሠራናቸውም ቢባል፥ በዚያ አካባቢ የስልኩ መስመር አንዳንድ ጊዜ ደኅና፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የዝናብ እስረኛ ስለ ሆነ ነው። ላኪው መስመር እስኪያገኝ ድረስ ሚዛኑ ቢጠብቅ፥ ገበሬው ሌሊቱን በሰልፍ ባደረ ነበር። ስለዚህ ሦስቱም በየራሳቸው ይሠራሉ፤ አንዱ የጨረሰውን ለሚቀጥለው በወረፋ ያስቀምጥለታል።

ሁለት ሳምንት ያህል ነገሩ መልካም ሆነ። ምስጋናም ተቀበልን። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ማታ ደመናው ጠቊሮ፥ የሚወስደን መኪናም ጥሩንባውን እየነፋ ሳለ ፕሮግራሙን ለመዝጋት ብንሞክር እምቢ አለ። ላኪው ክር መስመር ሲጠብቅ ፈዝዞ ቀርቶ ነበር። እኛም በትምህርት ቤት የለመድነውን አቋራጭ አስታወስን፤ ግደል የሚለውን ትእዛዝ ዘጠኝ ቁጥር ጨምረን ጻፍንና ሦስቱንም ባንዴ ገደልናቸው። መስኮቱ ከዓይናችን ጠፋ። ጀግንነት ተሰምቶን ወደ መኪናው ሮጥን።

በማግሥቱ ጧት አንዲት ሽማግሌ እናት ደረሰኝ ይዘው መጡ። ደረሰኙ 43 ኪሎ ይላል፤ መዝገቡ ስማቸውን አያውቅም። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ስልክ ተደወለ፤ የአንድ ሌላ ገበሬ እሸት ሁለት ጊዜ ተልኮላቸዋል። እንግዲህ በአንዲት የችኰላ ትእዛዝ ካንዷ ቀምተን ለሌላው ደርበን ነበር። የእናቲቱ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። አልተቈጡም፤ ደረሰኙን ብቻ ደጋግመው ያሳዩናል። የአንድ ቀን ሙሉ ልፋታቸው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበረች።

የሚዛኑ ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ከመሳቢያቸው አንድ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አወጡ፤ ጣታቸውንም በመስመሮቹ ላይ አስኬዱና በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። እናቲቱ ፈገግ አሉ። በኋላ ስንጠይቃቸው፥ «አይዞዎት እማማ፥ እዚህ አለልዎት አልኳቸው» አሉን። ኮምፒውተሩ ከገባ ጊዜ አንሥቶ ሰውዬው እያንዳንዱን ሚዛን በእጃቸው ይጽፉ ነበር። እኛም በዚህ ነገር በስውር ስቀንባቸው ነበር።

ስሕተቱን ስንመረምር ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ሠራተኛ መጀመሪያ ደረሰኙን ያትማል፥ ቀጥሎ በመዝገብ ያሰፍራል። የእኛ ትእዛዝ የደረሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ወረቀቱ ወጥቷል፥ ቀለሙ መዝገብ አልነካም። ሦስተኛው ሠራተኛ ደግሞ አንዱን ሒሳብ ልኮ፥ «ተልኳል» የሚል ምልክት ሳያደርግበት ሞተ። በማግሥቱ ሲነሣ ምልክት ያጣበትን ሒሳብ እንደገና ላከው። ሁለቱም ሥራቸውን አክብረው ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ስሕተቱ የእኛ የአገዳደላችን ነው።

በዚያን ዕለት ማታ መኪናውን መልሰን ሰድደን የመፈልፈያው ሠራተኞች አለቃ ሥራቸውን እንዴት እንደሚዘጉ ቆመን አየን። ብዙ ዓመት ተምረን ያላገኘነውን ትምህርት በአንድ ሰዓት አገኘን ብንል ማጋነን አይሆንም።

አለቃው ከመዝጊያው አንድ ሰዓት አስቀድመው ስልካቸውን አነሡና እሸት ወደሚሰበሰብባቸው ሩቅ ጣቢያዎች ደወሉ። «ከእንግዲህ ወደኛ አትላኩ፤ የቀራችሁን ወደ ታችኛው መፈልፈያ ውሰዱ» አሏቸው። ከዚህ በኋላ ነው ዘበኛው በሩን የዘጋው። በሩ ሲዘጋ በግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ግን አልተባረረም፤ ተራ በተራ ተመዘነለት። ቀጥሎ በመቀበያው ገንዳ የቀረው እሸት እስኪያልቅ ሞተሩ ሠራ። እሸቱ አልቆም ሞተሩ አልቆመም። የተፈለፈለው ፍሬ በቦዩ አልፎ ማብላያው ገንዳ እስኪገባ፥ ውሃውም ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ጠበቁ። በመጨረሻው ሞተሩን አጠፉ፤ ከሞተሩም በኋላ ውሃውን ዘጉ።

«ጋሼ፥ እሸቱ ካለቀ ጊዜ ጀምሮ ሞተሩን ለምን አያጠፉትም ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ልጄ፥ ሞተር ማጥፋትማ ሕፃንም ያጠፋዋል። በጥርሱ መካከል የቀረውን ቡና ማን ያውጣልኝ? እዚያው ካደረ ይሸታል፤ የነገውንም ቡና ይዞ ይበላሻል» አሉን።

እንግዲህ በሶፍትዌር ዓለም ሊቃውንት ብዙ ወረቀት የጻፉበት ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። አዲስ ሥራ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ በሩም ከመዘጋቱ አስቀድሞ ላኪዎቹ ሌላ በር እንዲፈልጉ ይነገራቸዋል። የገባው ሥራ ይፈጸማል። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ በየተራ ይሰናበታሉ፤ ይኸውም ከምንጩ በኩል ያለው አስቀድሞ፥ ተቀባዩ ዘግይቶ ነው። እኛ ሦስቱን ክሮች ባንዴ ከመግደል ይልቅ አስቀድመን ሚዛን አንባቢውን ብናሰናብት፥ መዝጋቢው በወረፋው የቀረውን ጽፎ ቢጨርስና ላኪው በመጨረሻ ቢወጣ ኖሮ እናቲቱ ያን ሁሉ መንገድ ባልተመላለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የተወለደው ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓትና ልጆቹ ይህን ልዩነት በቁጥር ለይተው አስቀምጠውታል። ግደል የሚለው ትእዛዝ ስሙ ያስፈራል እንጂ ቁጥር ሳይጨመርበት ሲጻፍ የሚልከው 15ኛውን ምልክት ነው። ይህም ሲግተርም ይባላል፤ ትርጓሜው «እባክህ ሥራህን ሰብስብና ውጣ» እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ምልክቱን ሰምቶ ፋይሉን ይዘጋል፥ የያዘውን ቁልፍ ያስረክባል፥ ከዚያም በራሱ እግር ይወጣል። 9ኛው ምልክት ግን ሲግኪል ነው። ይህን ፕሮግራሙ ከቶ አይሰማውም፤ ሊሰማውም አይፈቀድለትም። ከበላይ የሆነው ሥርዓት አንገቱን ይቈርጠዋል። ብዙ ተማሪ ጓደኞቻችን 9ኙን መጀመሪያ ስለ ለመዱ 15ኛው መኖሩን እንኳ አያውቁም። መምህራኖቻችንም ቢሆኑ ስለ ማስነሣት አንድ ሴሚስተር ሲያስተምሩን ስለ ማቆም ያስተማሩን ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን አንዱን ክር ብቻ ከውጭ መግደል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድን ክር በግድ የሚያቆም ትእዛዝ ነበረው። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው በ1.2 እትም ይህን ትእዛዝ እንዳትጠቀሙበት ብለው አስጠነቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው በ20ኛው እትም ደግሞ ጨርሶ እንዳይሠራ አደረጉት። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ መዝገብ ቤት እንሂድ። አንድ ጸሐፊ ክፍሉን ቈልፎ ከአንዱ ገበሬ ሒሳብ ቀንሶ ወደ ሌላው ሊደምር ብዕሩን አነሣ እንበል። ቀነሰ። ሳይደምር ከወንበሩ ተነጥቆ ወጣ፤ በሩም ተከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ የሚገባው ጸሐፊ መዝገቡ ሙሉ መስሎት ሥራውን ይቀጥላል። ቁልፉ የተሠራው ግማሽ ሥራ ለሌላ ሰው እንዳይታይ ነበር፤ ክሩ ሲገደል ግን ቁልፉ በግድ ይፈታና ግማሹ ሥራ ይገለጣል። ስለዚህ አሁን ያለው ደንብ ክርን መግደል ሳይሆን መጠየቅ ነው፤ ክሩም አመቺ ቦታ በደረሰ ጊዜ ሁሉ «ተጠርቼአለሁን?» ብሎ ማየት አለበት።

ይሁን እንጂ የተኛ ሰው ጥያቄ አይሰማም። ወረፋው ባዶ ሆኖ ሥራ የሚጠብቅ ሠራተኛ እንደ ተኛ ነው። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ያስደስተናል። በመፈልፈያው ብንመስለው፥ ከመጨረሻው ቡና በኋላ አንድ ቀይ ክር የታሰረበት ባዶ ጆንያ በመስመሩ ላይ እንደ መላክ ነው። ይህ ጆንያ የደረሰው ሠራተኛ የቀረ ሥራ እንደሌለ አውቆ ይወጣል። ጆንያው ከቡናው ኋላ በተራው ስለሚመጣ ከፊቱ የነበረው አንዳች ሥራ አይቀርም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ግን በቁጥሩ ነው። ባንድ ወረፋ ላይ ሦስት ሠራተኞች ቆመው ሳለ አንድ ጆንያ ብቻ የተላከ እንደ ሆነ፥ አንዱ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለቱ ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ። ወይም ሦስት ጆንያ መላክ፥ ወይም የሚወጣው ሠራተኛ ጆንያውን ለባልደረባው አስረክቦ እንዲሄድ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ዘበኛው «ጸሐፊው ሳይወጣ በሩን አልዘጋም» ይላል፤ ጸሐፊው ደግሞ «በሩ ሳይዘጋ ሚዛኑን ትቼ አልወጣም» ይላል። ሁለቱም ለኀላፊነታቸው ታማኞች ናቸው፤ ነገር ግን ሲነጋም እዚያው እንደ ተፋጠጡ ይገኛሉ። ሆላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ዓይነቱ መያያዝ ሲጽፍ የሞት እቅፍ የሚል ስም ሰጥቶታል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲመላለስ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ዳይክስትራን ማንበብ አያሻውም። መድኃኒቱ ማን መጀመሪያ እንደሚለቅ አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ከዚህም ሌላ ለመጠበቅ ልክ ማበጀት ነው።

የመጠበቅን ልክ የመፈልፈያው አለቃም ያውቁታል። ከሩቅ ጣቢያ የተነሣውን የመጨረሻ መኪና እስከ ሦስት ሰዓት ማታ ይጠብቁታል፤ ከዚያ በኋላ አይጠብቁትም። በዛሬው ዘመን አያሌ ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ የሚባለው ሥርዓትም እንዲሁ ያደርጋል። አስቀድሞ የ15 ቁጥሩን ልመና ይልካል፤ ሌላ ካልተነገረው በቀር 30 ሴኮንድ ይታገሣል፤ ያን ጊዜ ያልወጣውን በ9 ቁጥር ይገድለዋል። ዶከር የሚባለው ደግሞ ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ለአብዛኛው ፕሮግራም የሚሰጠው 10 ሴኮንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ደቂቃ የሚፈጅ የመዝጊያ ሥራ ጽፎ፥ ፕሮግራሙ ለምን በመካከል እንደሚሞት ሲመራመር ይከርማል። ከነዚህ ሰዎች አንዱን በቅርብ እናውቀዋለን፤ በመስታወት ውስጥ በየጧቱ እናየዋለን።

ብዙ ድርጅቶች መዝገባቸውን የሚያኖሩበት ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ለመዝጊያ ሦስት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ደንበኞቹ ሁሉ በፈቃዳቸው እስኪወጡ ይጠብቃል፤ አንድ ደንበኛ ረስቶ ከተቀመጠ ግን መዝጊያው ሊነጋበት ይችላል። ሁለተኛው አዲስ ሰው አያስገባም፤ ያልተፈጸመውን ሥራ እንዳልተጀመረ አድርጎ ይመልሰዋል፥ መዝገቡንም አስተካክሎ ይዘጋል። ሦስተኛው ሁሉን ትቶ ወዲያው ይወጣል፤ በሚቀጥለው መነሣቱ ግን የጉዞ ማስታወሻውን እያነበበ የተበላሸውን ማቃናት አለበት። ካልተነገረው በቀር የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ በበኩላችን ምርጫው ትክክል ይመስለናል። ግማሽ ሥራ ከሚቀር ወይ ሙሉው፥ ወይ ምንም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፥ «እንግዲያስ ሁልጊዜ በእጅ ያለው ሥራ ይጨረስ ማለታችሁ ነው?» ይለን ይሆናል። አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከዓርብ ሌሊት እስከ ቅዳሜ ጧት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ብዙው ተማሪ ያስታውሰዋል። ባንኩ በሥርዓቱ ላይ መደበኛ ጥገናና ፍተሻ ሲያደርግ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬውም በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛመተ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ። በኋላም ገንዘቡ እንዲመለስ ጠየቀ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው የማይገባቸውን ገንዘብ እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ። እንዲህ ባለ ሰዓት ወረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ጥፋቱን ማብዛት ነው። የሚፈለፈለው ቡና ሳይሆን የሰው ጣት ከሆነ ሞተሩ ባለበት ይቁም፤ ቦዩን በኋላ ማጠብ ይቻላል። ስለዚህ ደኅና ፕሮግራም ሁለት ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው የዘወትር፥ ሁለተኛው የአደጋ። የትኛው መቼ እንደሚያዝም የሚወስን ሰው አስቀድሞ ተለይቶ ይታወቅ።

ከሁሉ የከፋው ግን ምንም ምልክት ሳይልክ የሚመጣው ነው። እርሱም መብራት መጥፋት ነው። መብራት 15 ቁጥር አያውቅም፥ 30 ሴኮንድም አይታገሥም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ በውሽውሽ የሻይ እርሻ አጠገብ ያለፈ ሰው የሻይ ቅጠል እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠይቆ ይሆናል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፥ ይፈጫል፥ ቀለሙ እስኪለወጥ ይብላላል፥ ከዚያም በሙቀት ይደርቃል። መብላላቱን የሚያቆመው ማድረቂያው ነው። ማድረቂያው ቢቆም ቅጠሉ «መብራት ጠፍቷል» ብሎ አይጠብቅም፤ መብላላቱን ይቀጥላል፥ ልኩንም ካለፈ ይበላሻል። ቅጠል እንዲህ ነው። መዝገብ ግን ከቅጠል የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ አስቀድሞ ሊጻፍ ይችላል።

የሚዛኑ ጸሐፊ ደብተር ምሥጢሩ ይኸው ነው። በኋላ ልብ ብለን ስናያቸው፥ ሰውዬው ሚዛኑን እንዳነበቡ መጀመሪያ በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለገበሬው ደረሰኝ የሚሰጡት። እኛ ያደረግነው ግልባጩን ነበር። ትላልቆቹ ዳታቤዞችም የሚሠሩት እንደ ሰውዬው ነው። ሊያደርጉ ያሰቡትን ለውጥ አስቀድመው በአንድ የጉዞ ማስታወሻ ላይ ይጽፋሉ፥ ማስታወሻውም ዲስክ ላይ መድረሱን ያረጋግጣሉ፤ «ተፈጽሟል» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማስታወሻውን ያነቡና የተፈጸመውን ያጸናሉ፥ ያልተፈጸመውን ይሰርዛሉ። ጆርጅ ካንዲያና አርማንዶ ፎክስ የተባሉ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ሐሳብ እስከ ጫፉ ወሰዱት። ፕሮግራም በድንገት መውደቁ የማይቀር ከሆነ፥ ማቆሚያው ራሱ መውደቅ ይሁን፥ መነሻውም ከውድቀት መነሣት ይሁን አሉ። በእነርሱ አስተያየት ሁለት ዓይነት አሟሟት ማዘጋጀት ድካም ነው። ሐሳቡ ብርቱ ነው፤ እኛ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልነውም። ከውድቀት ለመነሣት መዘጋጀት ግዴታ ቢሆንም፥ መስመር ላይ የቆመ ገበሬ እያለ ሆነ ብሎ መውደቅ አይገባም እንላለን።

በመጨረሻው ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍነው። መዝገቡ ከደረሰኙ ቀደመ። እያንዳንዱ ሚዛን የማይደገም ቁጥር ተሰጠው፤ ዋናው ጽሕፈት ቤትም ያ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣበት «ይህ ደርሶኛል» ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይደምረውም። ላኪው ክር መስመር የሚጠብቀው ከአምስት ሴኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ሆነ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ተጠርቶ እንደ ሆነ ያያል፤ ከተጠራ ያልተላከውን ለነገ በመዝገብ ትቶ ይወጣል። የመዝጊያ ጊዜውን ጠቅላላ 20 ሴኮንድ አደረግነው።

ከዚያም ፈተናው መጣ። ገበሬ በሌለበት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ላይ የአሸዋ ጆንያ እያስቀመጥን፥ ጸሐፊው በደብተራቸው እየጻፉ፥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ እኛ ሳንነግረው ደስ ባለው ጊዜ የኮምፒውተሩን ሶኬት እንዲነቅል አደረግን። ልጁ ሥራውን በጣም ወደደው። ነቀለ፥ ሰካን፥ መዘንን፥ ደግሞ ነቀለ። በሰባተኛው ጊዜ አንድ ሚዛን ከመዝገብ ጠፍቶ ተገኘ። ዕቃው ሳይሆን እኛው ነበርን፤ «ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጥ» የምትለዋን አንዲት መስመር ረስተን ነበር። ጨመርናትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።

ሲመሽ ደብተሩንና ኮምፒውተሩን ጐን ለጐን አስቀምጠን አንድ በአንድ አመሳከርን። አንድም የጐደለ፥ አንድም የተደገመ አልነበረም። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ። «ታዲያ ጋሼ፥ ከነገ ጀምሮ ደብተሩን ያቆሙታል?» አልናቸው።

«ቀስ ብዬ አቆመዋለሁ» አሉን፤ ደብተሩንም ዘግተው ወደ መሳቢያቸው መለሱት።